የእማዬ ቡና በጨው

እማዬ ቡና በስኳር ጠጥታ አታውቅም። ያደገችው ጎጃም ገጠር ነው፤ በእነሱ ቤት ቡና በጨው ነው የሚጠጣው። አዲስ አበባ እኔ ጋ ከመጣች አራት ዓመት ሆናት። ዛሬም ሲኒዋ ላይ ቆንጠር አድርጋ ካልጨመረች ቡና የጠጣች አይመስላትም።

ባለፈው ጥር ጉልበቷን ሲያማት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ነርሷ ክንዷን አስራ የደም ግፊቷን ለካቻት። 170 በ100። ትንሽ አሳርፋ ደገመች፤ ያው ነው። እማዬ ግን ከጉልበቷ ሌላ ምንም አይሰማትም ነበር። ግፊት እንዲህ ነው፤ ሳያም ይከርማል። መድኃኒት ታዘዘላት። «ጨው ቀንሱ» ተባልን። ከምኑ? ምን ያህል? አልተነገረንም።

እኔም ቤት እንደገባሁ ቡናዋ ላይ ዘመትኩ። ተኮራረፍን። «ልጄ፣ ይቺን ቁንጥር ከለከልሽኝ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ።

ኋላ የኬክ ሚዛኔን አወጣሁ። የጨው ዕቃውን ሰኞ ጠዋት መዘንኩት፣ እሑድ ማታ ደገምኩት። 196 ግራም ጎድሏል። ሁለት ሰው ነን፤ ለአንድ ሰው በቀን 14 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሽሮውና በርበሬው ወፍጮ ቤት ከመሄዳቸው በፊት የገባባቸው ጨው ደግሞ እዚህ ውስጥ የለም። የዳቦውም የለም። የእማዬን ሦስት ቁንጥር፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ አንድ ላይ መዘንኩት። 1 ግራም።

ለካ ጨው ያለው ወጡ ውስጥ ነው።

ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ውኃ እንደሚይዝ አውቅ ነበር። ኩላሊት የበዛውን ቶሎ ማስወጣት ሲያቅተው የሚዘዋወረው ደም ይበዛል፣ ልብም ይበልጥ መግፋት አለበት። የደም ሥሩን ጉዳይ ግን አላውቅም ነበር። ለካ ዝም ብሎ ቱቦ አይደለም። ውስጡን የሸፈነችው ስስ ሽፋን ውፍረቷ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ታመነጫለች፤ የደም ሥሩ ላላ፣ ሰፋ የሚለው በእሱ ነው። ጨው ሲበዛ ይህ ጋዝ ያንሳል። የደም ሥሩ እንደልቡ መላላት ያቅተዋል። ዓመታት ሲደራረቡ ደግሞ ግድግዳው ራሱ ይደነድናል። ግፊት የሌለበት ሰው ላይም ይህ ጉዳት ይታያል። እኔ 36 ዓመቴ ነው፤ የምበላው ከዚያው ድስት ነው።

አዲሱን በርበሬ ያለ ጨው አስፈጨሁ። ወጥ ላይ ጨው የምጨምረው ሊወጣ ሲል አንዴ ብቻ ነው፣ በማንኪያ ለክቼ። ነጭ ሽንኩርቱንና ኮረሪማውን ጨመር አደረግሁ። የአቦሏን ቁንጥር ተውኩላት። ቶናና በረካውን በጤና አዳም ትጠጣለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ሽሮው ለእኔም ውኃ ውኃ ይለኝ ነበር።

መጋቢት መጨረሻ ላይ 138 በ84 ሆነች። መድኃኒቱም አለበት፤ አንድ ቀን አላቋረጠችም።

ባለፈው እሑድ ጎረቤት ምሳ ተጠርተን ሄድን። እማዬ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ምነው፣ ጨው አልበዛበትም?»