አማካሪዋ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ትሁን

ዛሬ ሴት የኢንጂነሪንግ መምህራንን የማማከር ፕሮግራም ዕቅድ ስናይ ዋልን። ከሁሉ አስቀድሜ የምለው፦ አማካሪዋ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ትሁን። በራሷ ትምህርት ክፍል ያለ ባልደረባ ነገ በማዕረግ ዕድገቷ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ጀማሪዋ መምህርት የከበዳትን ነገር በግልጽ አታወራውም።

ሲጀመር የአንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ፦ በወር አንዴ ለ1 ሰዓት መገናኘት፣ ምስጢር የሚጠበቀው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ ከ6 ወር በኋላም ማንም ሳይቀየም አማካሪ መቀየር እንደሚቻል። አጀንዳውን ተመካሪዋ ከ2 ቀን በፊት ትላክ። ያለ አጀንዳ የሚደረግ ግንኙነት ብዙ ሳይቆይ «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የጋራ ምርምር ሲታሰብ የደራሲዎች ቅደም ተከተል፣ የላብራቶሪ መሣሪያ ተራና የዳታው ባለቤትነት ሥራው ሳይጀመር ይወሰን። ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ በቅርቡ ከተመካሪዋ ጋር ጽሑፍ ያሳተመች ፕሮፌሰር በብዙ ቦታ ለማዕረግ ዕድገቷ የውጭ ገምጋሚ (ሥራዋን ከሌላ ተቋም ሆና የምትመዝን) መሆን አትችልም፤ የጥቅም ግጭት ነው። ስለዚህ የምታውቃቸው አንጋፋዎች ሁሉ የጽሑፍ አጋሮቿ አይሁኑ።

ሴቶች ጥቂት በሆኑበት ትምህርት ክፍል ኮሚቴው ሁሉ «አንዲት ሴት ትግባ» ይላል፤ የምርምር ጊዜያቸውም በዚያ ያልቃል። የማማከሩ ሰዓት ደግሞ በሥራ ጫና ስሌት ውስጥ ይቆጠር፤ ካልተቆጠረ ቀድማ የምትደክመው አማካሪዋ ናት።