በዓመት ስድስት የስንዴ ትውልድ፤ ጊዜው የሚተርፈው ከየት ነው?

ሁለት የስንዴ ወላጆችን ማዳቀል የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ዓመታቱን የሚበላው ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ነው። የተዳቀለው ዘር የሁለቱንም ወላጆች ዘረ-መል ስለሚይዝ፣ ልጁ እናቱን የሚመስል የጸና መስመር እስኪገኝ ድረስ ተክሉ ትውልድ በትውልድ ራሱን በራሱ እያዳቀለ መቀጠል አለበት። ወላጆቹ ከሚለያዩባቸው ዘረ-መሎች ውስጥ በኤፍ 2 ትውልድ (የመጀመሪያው ዲቃላ ራሱን በራሱ አዳቅሎ በሚሰጠው ሁለተኛ ትውልድ) በአማካይ ግማሾቹ ገና ድብልቅ ናቸው። በኤፍ 3 ወደ 25 በመቶ፣ በኤፍ 4 ወደ 12.5፣ በኤፍ 5 ወደ 6.25፣ በኤፍ 6 ወደ 3 በመቶ ገደማ ይወርዳሉ። በማሳ ላይ በዓመት አንዴ እየተዘራ ከሆነ ይህ ብቻ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ያውም የምርት ሙከራው ሳይጀመር።

ስፒድ ብሪዲንግ የሚባለው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በረጅም ሰው ሠራሽ ብርሃን ተክሉን ቶሎ እንዲያብብ የሚያደርገው ዘዴ የሚያሳጥረው ይህንን መንገድ ነው። የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ እና የእንግሊዙ ጆን ኢነስ ማዕከል ተመራማሪዎች በ2018 በኔቸር ፕላንትስ መጽሔት ባወጡት ሥራ ብርድ የማይጠይቀውን ስንዴ፣ ዱረም ስንዴን፣ ገብስን፣ ሽምብራንና አተርን በዓመት እስከ 6 ትውልድ፣ የዘይት ሰብሉን ካኖላን ደግሞ እስከ 4 ትውልድ ማድረስ እንደሚቻል አሳይተዋል። በተለመደው የመስታወት ቤት የሚገኘው ከሁለት እስከ ሦስት ነው። ለሐሳቡ መነሻ የሆነው ናሳ በጠፈር ስንዴ ለማብቀል ሲል በማያቋርጥ ብርሃን ያስደረገው ሙከራ ነበር።

የዘዴው ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው መብራቱን ነው። መብራቱ በእርግጥ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ክፍሉን አሟልተው ከአራት ትውልድ ማለፍ ያቃታቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚከስሩት ዘሩ ከተቆረጠ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ሒሳቡን እንየው። ስንዴ በ22 ሰዓት ብርሃን ውስጥ ከተዘራ ከ35 እስከ 39 ቀን ባለው ጊዜ ያብባል። ዛላው ካበበ 14 ቀን ሲሞላው ይቆረጣል፤ 3 ቀን ይደርቃል፤ 4 ቀን በቅዝቃዜ ይቆያል። ማበቢያውን 38 ቀን ብንወስድ ድምሩ 59 ቀን ነው፤ 365 ለ59 ሲካፈል ከ6 ትንሽ ይበልጣል። ዘሩ በተክሉ ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪበስል ቢጠበቅ ግን ሌላ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይጨመራል፤ ያኔ ዑደቱ ከ80 ቀን ያልፍና በዓመት የሚገኘው ከአራት ትውልድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ከስድስቱ ትውልድ ሁለቱ የሚገኙት ከዘር አያያዝ ነው።

ዛላው ካበበ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ፍሬው አረንጓዴና ለስላሳ ቢሆንም ፅንሱ ለመብቀል ደርሷል። ያልደረሰው ምግብ ማከማቻው ነው። ለዚህ ነው ቀን መቁጠር ግድ የሚሆነው፦ በየዛላው ላይ ብናኝ ከረጢቶቹ ብቅ ያሉበትን ቀን በቀለም ክር ወይም በትንሽ መለያ ማሰር ያስፈልጋል። በዓይን ገምቶ በ10ኛው ቀን የቆረጠ ሰው የሚያገኘው የተጨማደደና ግማሹ የማይበቅል ዘር ነው። የተቆረጠው ዛላ በወረቀት ከረጢት ሆኖ በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ካለበት ዕቃ ጋር፣ ለ3 ቀን ይደርቃል። ፕላስቲክ ከረጢት አይሆንም፤ እርጥበቱን አፍኖ በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል።

ከደረቀ በኋላም ቢሆን ትኩስ ዘር እንቅልፍ አለበት፤ ውኃ ቢያገኝም ለመብቀል ፈቃደኛ አይሆንም። እንቅልፉ የሚሰበረው ዘሩን በእርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ በፔትሪ ሳህን አድርጎ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በጨለማ፣ ለ3 ወይም 4 ቀን በማስቀመጥ ነው። ወረቀቱ እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይቁምበት፤ ውኃ የተኛበት ዘር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ነጭ የስንዴ ዘር ባብዛኛው በዚህ ይነቃል፤ ቀይ ዘር ግን እንቅልፉ ከባድ ነው። ለሱ ማርጠቢያው ውኃ ላይ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ጂብሬሊክ አሲድ (የተክል ሆርሞን) ማከል ይረዳል። መጠኑን ማብዛት አያፈጥነውም፤ ቡቃያውን ቀጭንና ረጅም አድርጎ ያወድቀዋል። ከቅዝቃዜው የወጣው ሳህን በክፍል ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ቀን ቆይቶ ሥሩ ብቅ ሲል ወደ ትሪው ይዛወራል።

ወደ ብርሃኑ እንመለስ። የሚፈለገው በተክሉ አናት ላይ በካሬ ሜትር በሰከንድ ከ450 እስከ 500 ማይክሮሞል (ተክሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ)፣ 22 ሰዓት በርቶ 2 ሰዓት የሚጠፋ ነው። ልኬቱ የሚወሰደው አምፖሉ ሥር ሳይሆን ቅጠሉ ባለበት ከፍታ ነው፤ ተክሉ ሲያድግ ርቀቱ ስለሚለወጥ በየሳምንቱ እንደገና መለካት ወይም መብራቱን ከፍ ማድረግ ይገባል። የሉክስ መለኪያ ለሰው ዓይን የተሠራ ስለሆነ ለተክል ብርሃን ደካማ ምስክር ነው። ሌላ ከጠፋ ለነጭ ኤል ኢ ዲ በግምት 35,000 ሉክስ 500 ማይክሮሞል አካባቢ ነው፤ ለቀይና ሰማያዊ መብራት ግን ይህ ቁጥር ምንም አይነግርም። ቀለሙ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ክልል ይሸፍን፤ ትንሽ ሩቅ ቀይ (ከቀይ ቀጥሎ ያለ፣ ዓይን እምብዛም የማያየው ብርሃን) ቢጨመርበት ስንዴንና ገብስን ወደ ማበብ ይገፋል። ቅጠሉ የቀኑን ርዝመት ለክቶ ኤፍ ቲ የተባለውን ፕሮቲን ይሠራል፤ ፕሮቲኑም ምግብ በሚጓጓዝበት ቧንቧ ወደ እድገት ጫፍ ሄዶ አበባን ያስጀምራል። ይህ ጉዞ በ2007 ለምርምር በሚውለው ትንሽ ተክል በአራቢዶፕሲስና በሩዝ ላይ ታይቷል።

ሙቀቱ በብርሃን ጊዜ 22፣ በጨለማው 17 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ይሁን። እዚህ ላይ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው የሚዘነጋው ሙቀት ማስወገጃውን ነው። በአንድ ጁል የኤሌክትሪክ ኃይል 2.5 ማይክሮሞል ብርሃን የሚሰጥ ጥሩ ኤል ኢ ዲ 500 ማይክሮሞል ለመስጠት በካሬ ሜትር 200 ዋት ይበላል፤ በ22 ሰዓት 4.4 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ያ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያው ክፍል ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ማቀዝቀዣው ለዚህ ካልተሰላ ክፍሉ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ይህ ዛላው ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት በፊት ከሆነ ብናኙ ይመክናል። ዛላው ከውጭ ጤነኛ ይመስላል፤ ሲታሽ ግን ባዶ ነው። ባዶ ዛላ ያየ ሰው ማዳበሪያ ከመጨመሩ በፊት የቴርሞሜትሩን መዝገብ ይመልከት።

ሁለተኛው ተደጋጋሚ ችግር የካልሲየም እጥረት ነው። አዳዲሶቹ ቅጠሎች ጫፋቸው ይደርቃል፣ ይጠቀለላል፣ አንዳንዴም ሳይዘረጉ ይቀራሉ። ብዙ ጊዜ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ችግሩ አቅርቦቱ እድገቱን አለመድረሱ ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ቅጠል በሚያተነው ውኃ ተጎትቶ ብቻ ስለሆነና ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ ስለማይዛወር፣ በፍጥነት የሚያድገው ጫፍ ይጎድልበታል። መፍትሔው አየሩን በአነስተኛ ማራገቢያ ማንቀሳቀስ፣ እርጥበቱ ከ70 በመቶ እንዳያልፍ ማድረግና በሊትር 1 ግራም ካልሲየም ናይትሬት አሟሙቶ በሳምንት አንዴ ቅጠሉ ላይ መርጨት ነው። የተጎዳው ቅጠል አይድንም፤ የሚታየው ለውጥ ቀጥሎ በሚወጣው ላይ ነው። ካልሲየም ናይትሬትን ሰልፌትና ፎስፌት ካለበት ማዳበሪያ ጋር በወፍራሙ አንድ ዕቃ ውስጥ መቀላቀል ግን ደለል ይፈጥራል፤ ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ይቀመጡ።

ትሪውን በተመለከተ፣ ትንንሽ ጉድጓድ ባለው ትሪ በካሬ ሜትር እስከ 1,000 ተክል ማሳደግ ይቻላል። መጨናነቁ ራሱ ተክሉን አጭርና ቶሎ አበቢ ያደርገዋል፤ አንድ ግንድና ጥቂት ፍሬ ያለው ዛላ ይበቃናል፣ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስፈልገው ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ዘር ነውና። ግን አንድ ብቻ መውሰድ አደገኛ ነው። በየትውልዱ 10 በመቶ ዘር ሳይበቅል ቢቀር፣ በ200 የኤፍ 2 ተክል የተጀመረ ሥራ ከአራት ትውልድ በኋላ 131 መስመር ይዞ ይቀራል፤ የጠፉትም በዘፈቀደ የጠፉ ላይሆኑ ይችላሉ። እንቅልፋቸው የጠበቀ፣ ምናልባት ዝናብ ሲያገኛቸው በዛላው ላይ የማይበቅሉ ጥሩ መስመሮች ቀድመው ይወድቃሉ። ከእያንዳንዱ ተክል ሦስት ዘር ማስነሳትና አንዱን ማትረፍ ይህን ኪሳራ በእጅጉ ይቀንሳል። የመለያ ስህተት ደግሞ ከበሽታ የከፋ ነው። 96 ጉድጓድ ያለው ትሪ ዞሮ የተቀመጠ እንደሆነ 96 መስመር በአንድ ጊዜ ስሙ ይሳሳታል፤ ስለዚህ የትሪው አንድ ማዕዘን ይቆረጥ ወይም ቀለም ይቀባ።

ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ተክል ስለማያጣ ክሽክሽ፣ ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይና ነጭ ዱቄት የሚመስለው ሻጋታም ዕረፍት የላቸውም። በዓመት አንዴ ሁሉንም ዘር በእጅ ሰብስቦ ክፍሉን ለአንድ ሳምንት ባዶ ማድረግና ማጠብ፣ በእኔ እምነት ከየትኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ለረጅም ቀን ሰብሎች፣ ማለትም የብርሃኑ ሰዓት ሲረዝም ለሚያብቡት ነው። አኩሪ አተርና ሩዝ አጭር ቀን ስለሚፈልጉ 22 ሰዓት ብርሃን ያዘገያቸዋል ወይም ጨርሶ እንዳያብቡ ያደርጋቸዋል። ለአኩሪ አተር በ2020 የታተመው መንገድ 10 ሰዓት ብርሃን፣ ሰማያዊ የበዛበትና ሩቅ ቀይ የሌለበት መብራት ነው፤ ተክሉ በ23 ቀን ገደማ አብቦ በ77 ቀን ይደርሳል፣ በዓመት እስከ አምስት ትውልድ ማለት ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ወሳኙ ጨለማው ነው። ሌሊት በሩን ከፍቶ መብራት ማብራት፣ በቀዳዳ የሚገባ የኮሪደር ብርሃን፣ እንኳን ብዙ ጥቂት ደቂቃም ቢሆን የማበቢያውን ቆጠራ ሊያበላሽ ይችላል። ቲማቲምም የራሱ ጠባይ አለው፤ ብርሃን ሳይቋረጥ ሲበራበት ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጎዳልም፤ የስንዴን ፕሮግራም ለሱ መገልበጥ አይቻልም። ብርድ የሚጠይቀው ስንዴ ደግሞ ቡቃያው ሳለ ከ4 እስከ 8 ሳምንት በቅዝቃዜ መቆየት ስላለበት የትውልዱ ቁጥር ይቀንሳል።

በእንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ምን መምረጥ እንደሚቻል መለየትም ያስፈልጋል። የተክል ቁመት፣ የዘር ቀለም፣ የዋግ መቋቋም፣ በዲ ኤን ኤ ማርከር (ዘረ-መሉ መኖሩን በሚጠቁም ምልክት) የሚታወቅ ዘረ-መል፤ እነዚህ ይመረጣሉ። ለማርከር ምርመራው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቅጠል ሲወጣ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል መቁረጥ ይበቃል፤ ውጤቱ ከማበቡ በፊት ስለሚደርስ የማይፈለገው ተክል ቦታ ሳይዝ ይወገዳል። ምርት ግን አይመረጥም። በአንድ ግንድና በጥቂት ኩባያ አፈር ያደገ ተክል በማሳ ስለሚሰጠው ኩንታል የሚናገረው ነገር የለም፤ በዚህ ክፍል ረጅም ዛላ ያወጣውን መርጦ ማስቀረት መስመሮቹን ያለ ምክንያት መቀነስ ነው።

ኤፍ 6 ሲደርስ በእጅ ያለው ከየመስመሩ ጥቂት ዘር ብቻ ነው፤ በዚያ መጠን የማሳ ሙከራ አይዘራም። ቀጣዩ ዙር የማባዣ ዙር ይሆናል፦ 2 ወይም 3 ሊትር አፈር የሚይዝ ማሰሮ፣ 16 ሰዓት ብርሃን፣ ብዙ ግንድ እንዲያወጣ በቂ ናይትሮጅን። በዚህ ዙር ዛላው አረንጓዴ ሳለ አይቆረጥም፤ ዘሩ በተክሉ ላይ ደርቆ፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ወርዶ፣ ከዚያ ተወቅቶ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። በ14ኛው ቀን የተቆረጠ ዘር ለነገ መዝሪያ እንጂ ለጎተራ አይሆንም፤ ትንሽ ስለሆነ በማከማቻ ውስጥ ቶሎ ኃይሉን ያጣል።