«ጥብስ» ሲባል የቱ?

አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ምግብ ቤት ገብቶ «ጥብስ» ብቻ ያለ ሰው ገና ምንም አላዘዘም። «ደረቅ ነው ለጋ?» መባሉ አይቀርም። የበግ ነው የበሬ? በሸክላ ይሁን?

ቃሉ ከግዕዙ «ጠበሰ» ጋር አንድ ነው። ዘፀአት ምዕራፍ 12 ላይ የፋሲካው በግ ጥሬውን ወይም ተቀቅሎ ሳይሆን በእሳት ተጠብሶ እንዲበላ ታዟል። ያ ጥብስ ዘይትም መጥበሻም የለውም፤ ዛሬ ከእሱ ጋር የሚመሳሰለው ክረምት ላይ በየመንገዱ ዳር ከሰል ላይ የሚገላበጠው በቆሎ ነው። ያው በቆሎ ተፈልፍሎ ምጣድ ላይ ሲወጣ ግን ይቆላል እንጂ አይጠበስም። ቡናና ገብስም እንደዚያው። ሽንኩርት ደግሞ ይቁላላል።

የጥብሶቹ ስም ሁሉ ከአንድ ቦታ አልመጣም። ዝልዝል ስሙን ከአቆራረጡ አገኘ፣ ጎድንና ጭቅና ከብልቱ፣ ሸክላ ከማቅረቢያው፣ አዋዜ ጥብስ ከማጣፈጫው። ደረቅና ለጋ የሚለዩት በእርጥበቱ ነው፤ ለጋው ከነጭማቂው ይወርዳል፣ ደረቁ ጭማቂውን መጥበሻው ላይ ይጨርሳል።

ብዙ ቤት የሚበላሸው ደረቁ ነው። ለ1 ኪሎ ሽንጥ ወይም ጭቅና ሥጋውን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርጎ መክተፍ፣ ጮማውን ለብቻ መለየት። መጥበሻው በደንብ ሲግል መጀመሪያ ጮማው ይገባል፤ ስቡ ሲቀልጥ ሥጋው በ3 ዙር ይከተላል። ኪሎውን ባንዴ መገልበጥ መጥበሻውን ያቀዘቅዘዋል፤ ሥጋው ውሃ ያወጣና በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ያ ግራጫ ነገር ጥብስ አይባልም። እያንዳንዱን ዙር አንድ ደቂቃ ሳይነኩ መተው፣ ከዚያ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ማገላበጥ። ጨው ቀድሞ ከገባ ውሃውን ይስባል፤ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት፣ በወፍራሙ ተቆርጦ፣ ሥጋው ከጠቆረ በኋላ። ቀድሞ ከገባ ወደ ወጥ ይሄዳል። አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ከሽንኩርቱ ጋር (ተክሉ እንኳ በከተማው ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው)፤ ብቻውን የጋለ ስብ ላይ ከወደቀ አርሮ ይመራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤና ቃሪያው ሊወርድ ሲል።

በአራዳ ቋንቋ «ጠበሳት» ሲባል ወሬው ስለ ሥጋ አይደለም። ልጅቷን በጨዋታ ማርኳት ነው፤ ሥራውም «ጠበሳ» ይባላል።

በጾም ቀን ስሙ ወደ እንጉዳይ ይዞራል። ቅቤው በዘይት ይተካ፤ እንጉዳይ ከሥጋ የበለጠ ውሃ ስለሚይዝ ዙሩ ይብዛ፣ እሳቱም አይቀነስ።