የሰሜን ተራሮችን ገደል በሞቃትና በቀዝቃዛ ቀለም መቅረጽ

የሰሜን ተራሮችን ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ጥላው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረው ታላቁ ገደል የቀኑን አብዛኛውን ክፍል በጥላ ይውላል። ጠዋት በርቶ የሚታየው ወደ ምሥራቅ የዞረው የአምባው ጎን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ጥላ በአንድ ሰማያዊ ከሞላችሁት ተራራው ከካርቶን ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ጥላ ውስጥ ቅርጽ የሚያወጣው የቀለም ሙቀት ነው፤ ወደ ቢጫና ቀይ ያደላ ቀለም ሞቃት፣ ወደ ሰማያዊ ያደላው ቀዝቃዛ ይባላል። ወደ ላይ የሚያዩት እርከኖች የሰማዩን ብርሃን ስለሚቀበሉ ይቀዘቅዛሉ። ወደ ታች ያዘነበለው ዓለት ግን፣ ከሥሩ ፀሐይ ያረፈበት ደረቅ ሣር ካለ፣ የሣሩ ወርቃማነት ተንጸባርቆበት ይሞቃል።

በዘይት ቀለም ሁለት እጅ አልትራማሪን ሰማያዊ ከአንድ እጅ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ጋር ቀላቅሉና በጥቂት ነጭ አፍኩት። ይህን ለሦስት ክፈሉት፦ አንዱን እንዳለ ተዉት፣ በአንዱ ላይ ሴሩሊያን ሰማያዊ፣ በሌላው ላይ ሲየናና ትንሽ ቢጫ ኦከር (አፈር መሰል ቢጫ) ጨምሩ። ዋናው ነገር ሦስቱም እኩል ጨለማ መሆናቸው ነው። በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሷቸው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከታየ ነጩን ወይም አልትራማሪኑን አስተካክሉ። ይህን ፈተና መዝለል አይገባም። ሞቃቱ ድብልቅ ከፈካ ጥላ መሆኑ ቀርቶ ፀሐይ የነካው ይመስላል።

ጥቁር ቀለም አትጨምሩ፤ የሙቀት ልዩነቱን ይውጠዋል። የበራውን ጎን በነጭ ብቻ ማፍካትም ስህተት ነው፤ ነጭ ያቀዘቅዛል፣ ዓለቱም ኖራ የተቀባ ይመስላል። ነጭ በጨመራችሁ ቁጥር ኦከር አስከትሉ።

ለሞቃቱና ለቀዝቃዛው የተለያየ ብሩሽ ያዙ። እርጥብ ሰማያዊ ላይ ሲየናን ደጋግሞ ማሸት ጭቃ ያደርገዋል፤ አንዴ አሳርፋችሁ እጃችሁን አንሡ።

በርቀት ቀድሞ የሚጠፋው ቢጫው ነው። ስለዚህ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ኋለኛው ስትሄዱ ኦከሩን ቀንሱ፤ ጥላውንም በየደረጃው አፍኩት። የመጨረሻው ሸንተረር ከሰማዩ በጥቂቱ ብቻ ይጠቁር። ንጹሑን ኦከር ከፊት ላለው ሣርና ጅብራ ለሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ደረቅ ቅጠል አቆዩት።