ካምቢዮ ይውረድ?

አሮጌዋ አውቶማቲክ ኮሮላዬ ሰሞኑን ዲ (ወደፊት መንጃው) ላይ ሳስገባት ዝም ትልና ድንገት ገጭ ብላ ትነሳለች። አንዱ ጋራዥ ገና ሳይነካት «ካምቢዮው ይውረድ» አለኝ፤ የማርሽ ሳጥኑን ማለቱ ነው። የዋጋውን ነገር ተዉት!

ዛሬ ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሰውየው መፍቻ እንኳ አላነሳም። ነድቶ አሞቃት። ሞተሩ እየሠራ ማርሹን ሁሉም ላይ አዳርሶ ፒ (ማቆሚያው) ላይ መለሰው። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዘ፣ በነጭ ጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ከትቶ አወጣው። ከዚያ አሸተተው።

«ጠቁሮ የተቃጠለ ቢሸት ኖሮ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ፣ ማርሹን የሚይዙት ዲስኮች፣ አልቀዋል እልህ ነበር። ይኼ ቀይ ነው፤ ጎድሎ ነው እንጂ።»

ዘይቱ ሲጎድል ግፊቱ ይወርዳል፣ ማርሹም ቶሎ አይይዝም። ከሥር ገብቶ ሲያይ የካምቢዮው ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገው) ያንጠባጥባል። እሱ ተቀየረ፣ የራሱ የካምቢዮ ዘይት ተሞላ (የሞተር ዘይት የሚጨምሩ አሉ አሉ፣ ጉድ እኮ ነው!)። አሁን ዲ ስላት ወዲያው ትይዛለች። ለማንኛውም ሳምንት ነድተሃት ና፣ ፍሳሹን እናየዋለን ብሎኛል።