በሐምሌ ሐምሌት

ዝናቡ ከሰዓት የጀመረ እስካሁን አላባራም። መብራት ሄዶ መጣ፣ መጥቶ ሄደ። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ሽሮውን በልቶ ይተኛል እንጂ የእንግሊዝኛ ቃል አያጠናም። እኔ ግን ያው ፈተናው ሦስት ሳምንት ስለቀረው ብርድ ልብስ ተከናንቤ ደብተሬን ይዣለሁ።

የቃላት ካርዶቹን ከተውኳቸው ወር አልፏል። መቶ አጥንቼ በማግስቱ ሰባት ብቻ ሳስታውስ፣ ያ ልጅ (የማያውቀው ነገር የሌለው) «ቃል ብቻውን አይያዝም፤ ሰው ተናዶ ሲናገረው ስማው፣ የድሮ ድራማ አንብብ» አለኝ። ሳቅኩበት። ከዚያ የሼክስፒርን ማክቤዝ ከፈትኩ። ማክቤዝ ንጉሡን ገድሎ እጁን እያየ፣ ይህን ደም ባሕር አያጠራውም፣ ይልቅ እጄ ነው «መልቲቲዩዲነስ» የሆኑትን ባሕሮች «ኢንካርናዲን» የሚያደርጋቸው ይላል። ሁለት ቋጥኝ። መዝገበ ቃላት ልፈልግ ስል ሰውዬው ራሱ ቀጠለና ኢንካርናዲንን ፈታልኝ፦ አረንጓዴውን ባሕር ቀይ አድርጎ። እስክሞት አልረሳውም። የት እንደምናገረው ነው ያጣሁት። ባለፈው ቀይ ወጥ ሸሚዜ ላይ ሲደፋ ሞክሬው ነበር፤ የሰማችኝ አስተናጋጇ ብቻ ናት፣ እሷም ሶፍት አምጥታልኝ ሄደች።

ጣጣው ይኼ ነው፤ ቃሎቹ ካባቸውን እንደለበሱ ነው የሚመጡት። ሰኞ ለፕሪንተር ወረቀት መጠየቂያ ኢሜይል ስጽፍ «አይ ቢሲች ዩ» ብዬ ላክሁ። ለአንድ እሽግ ወረቀት «ከእግርዎ ሥር ወድቄ እማጸንዎታለሁ» እንደማለት ነው። ወረቀቱ መጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ኮሪደር ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ እጅ እየነሳኝ ያልፋል።

በ1775 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በታየው የሼሪዳን «ዘ ራይቫልስ» የተባለ ኮሜዲ ውስጥ ሚስስ ማላፕሮፕ የምትባል ትልቅ ቃል ወዳጅ አለች። የምታሳድጋትን ልጃገረድ ግትርነት ስትገልጽ «በናይል ዳር እንዳለ አሊጎሪ» ትላለች። አሊጌተር ማለቷ ነው፤ አሊጎሪ ተምሳሌት ነው። የኛው ዓባይ ዳር አንድ ግትር ተምሳሌት ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ ታየኝ። (ደግሞ ዓባይ ውስጥ ያለው ክሮኮዳይል ነው፣ አሊጌተር የለም። ብታስተካክለውም ያው ተሳስታለች።) ስቄባት ሳልጨርስ የወረቀቱ ኢሜይል ትዝ አለኝ።

ዛሬ ሐምሌትን ያዝኩ። ሦስተኛው ገቢር ላይ እናቱ ገርትሩድ ልትቆጣው ክፍሏ ታስጠራዋለች። (ከመጋረጃው ጀርባ ስለተደበቀው ሽማግሌ ሌላ ቀን።) «ዛው» የሚለውን ትምህርት ቤት ሳለን «የድሮ አንተ ነው» ተብሎ ታልፏል። ያኔ አንቱታ የነበረውን «ዩ» እንግሊዞቹ ዛሬ ለንጉሥም ለውሻም ስለሚሉት እዚህ ገጽ ላይ ማብራሪያ ያስፈልጋቸዋል። እኔ ግን አላስፈለገኝም። እናት «ሐምሌት፣ አባትህን በጣም አስቀይመሃል» ትላለች፣ በዛው። (የእንጀራ አባቱን ማለቷ ነው፤ እሱ ሟቹን አባቱን ይላል።) ልጁ «እናቴ፣ አባቴን ያስቀየሙትስ እርስዎ ነዎት» ብሎ ይመልሳል፣ በዩ። ልጅ ወላጁን በዩ ማነጋገሩ የዘመኑ ደንብ ነው፣ እሱ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ የሚቀጥለው መስመር ነው። እናትየዋ ዛውን ጥላ ራሷ ወደ ዩ ሄደች። የወለደችውን ልጅ አንቱ አለችው! ብርድ ልብሱን ገፍፌ ተቀመጥኩ።

እማዬን አወቅኋት። እስከ ረፋድ ስተኛ በር ላይ ቆማ «ጌታው ተነሱ? ቁርስ እዚሁ ይቅረብልዎ?» የምትለዋን። «አንተ!» ብላ ስትጮህ ቢበዛ ኩርኩም ነው፣ ኩርኩሙም ያልፋል። እርስዎ ያለችኝ ቀን ግን ቤቱ እስከ ማታ ይቀዘቅዛል፤ እንጀራው ይቀርባል፣ ብላ የሚለኝ የለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን ባገኝ እናትና ልጁን በምን እንዳናገራቸው አይ ነበር፤ የኔን ኮፒ ያው ያ ልጅ ወስዶ አልመለሰም። እኔማ ብተረጉመው ይጨንቀኛል። የከተማ ልጅ እናቱን «አንቺ» ስለሚል የልጁን «እርስዎ» ኩርፊያ አድርጎ ይሰማዋል፤ አገር ቤት ያደገው ደግሞ እንዲያውም ጨዋ ልጅ ነው ይላል።

ባለፈው እሑድ ደውዬላት ነበር። ወር ሙሉ ጠፍቼ። «እንደምን ሰነበቱ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ ኔትወርክ፣ ሥራ፣ ፈተና ምናምን ብዬ ዘጋሁት።

ገርትሩድ ግን ትመለሳለች። ልጇ ገመናዋን አንድ በአንድ ሲያሳያት ቆይቶ፣ ሐምሌት ሆይ ልቤን ለሁለት ሰነጠቅከው ትለዋለች፣ በዛው። «ክሌፍት» የሚለውን ቃል ልመዘግብ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ እንደያዝኩት ቀረሁ። ልቧ እስኪሰነጠቅ ነው እንዴ አንተ የምትለው?

ደብተሬ ላይ የዛሬ ቀን ተጽፏል። ከሥሩ ማታውን ሙሉ ያጠናሁት ከባድ ቃል አለ፦ «ዩ»። ለፈተና ይመጣል አይባልም።

ልደውል ስል አራት ሰዓት አልፏል። እማዬ ሁለት ሰዓት ላይ ትተኛለች። ብቀሰቅሳት በድንጋጤ አንተ ትለኝ ይሆን፣ ወይስ ጭራሽ «በዚህ ሰዓት ምን ልታዘዝዎ» ትለኛለች?