የአፍሪካን ወጪ ንግድ በኤክሴል ማንበብ፦ እስካሁን የደረስንበት

ከገላን፣ ከቱሉ ዲምቱና ከአቃቂ ተሰባስቦ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሠራው የንግድ መረጃ ጥናት ቡድን ሦስተኛውን ሠንጠረዥ ጨርሷል። በዚህ አካባቢ ወጪ ንግድ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ቡና የሚበጠርባቸው መጋዘኖች እዚሁ ናቸው፣ ወደ ሞጆና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ኮንቴይነርም በዚሁ መንገድ ያልፋል። የ70 ዓመት አዝማሚያ ግን ከመንገድ ዳር አይታይም። ረጅም ተከታታይ ቁጥርና እሱን ሳያበላሹ የማንበብ ሥርዓት ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «በጀት ዓመት» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሚያሳስተው የመረጃው ስም ነው። የዓለም ባንክ የሸቀጥ ወጪ ንግድን ከ1960 ጀምሮ በዶላር ያቀርባል። አጠገቡ ግን «የሸቀጥና የአገልግሎት ወጪ ንግድ» የሚል ሌላ መስመር አለ፤ ሁለቱን መቀላቀል ለኢትዮጵያ ከባድ ስህተት ነው፣ የአየር መንገዱ ገቢ ብቻውን ሥዕሉን ይለውጠዋልና። ከ1960 በፊት ላለው ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት በየአሥር ዓመቱ ገደማ የሚያሳየው የአህጉራት ድርሻ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ከ1948 ይጀምራል።

ቀጥሎ ድንበሩ። የዓለም ባንክ ሱዳንን ከሰሃራ በታች፣ ጅቡቲን ከመካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ ጋር ይመድባል፤ የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ ሱዳንን ሰሜን አፍሪካ፣ ጅቡቲን ምሥራቅ አፍሪካ ያደርጋል። ስለዚህ ከሁለቱ ምንጮች የወሰዱትን የክልል ድምር አንድ ግራፍ ላይ መቀጠል አይቻልም። መፍትሔው የአገሮቹን ዝርዝር በተለየ ገጽ ጽፎ፣ ድምሩን ራስ ሠርቶ፣ ዝርዝሩን ከዚያ ወዲያ አለመንካት ነው። የአገር መከፈልም አለ፤ ኤርትራ በ1993፣ ደቡብ ሱዳን በ2011። በኮምትሬድ (የተባበሩት መንግሥታት የንግድ መረጃ ቋት) ደግሞ ደቡብ አፍሪካ እስከ 1999 ከቦትስዋና፣ ከሌሶቶ፣ ከናሚቢያና ከስዋዚላንድ ጋር በአንድ የጉምሩክ ኅብረት ስም ተመዝግባ፣ ለብቻዋ የምትታየው ከ2000 ጀምሮ ነው። ያንን የማያውቅ ሰው በ2000 አፍሪካ በድንገት የተነሣች ይመስለዋል። ኤክሴል ባዶ ሳጥንን ሲደምር እንደ ዜሮ ይወስደዋል፤ መረጃ ያላቀረበ አገር ምንም ያልሸጠ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። ከድምሩ በታች በየዓመቱ ስንት አገር ቁጥር እንዳለው የሚቆጥር ረድፍ ጨምሩ። ቁጥሩ ከ40 ወደ 31 የወረደበት ዓመት ካለ፣ ያ ዓመት ግራፍ ላይ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በዶላር ብቻ ሲታይ የአፍሪካ መስመር ሽቅብ ነው፤ በ1983 83 ቢሊዮን ገደማ የነበረው በ2003 178 ቢሊዮን ገደማ ደርሷል። «ከእጥፍ በላይ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን በዚያው ጊዜ የዓለም ድምር ከ1,838 ወደ 7,380 ቢሊዮን ገደማ ሄዷል። የአፍሪካ ድርሻ ከ4.5 ወደ 2.4 በመቶ ወረደ ማለት ነው፤ በ1948 ከ7 በመቶ በላይ ነበር። የዓመት ዕድገቱን ለማግኘት የመጨረሻውን በመጀመሪያው ማካፈል፣ የውጤቱን 20ኛ ሥር ማውጣት፣ ከዚያ 1 መቀነስ ነው (ከ1983 እስከ 2003 ያለው ርቀት 20 እንጂ 21 አይደለም፤ ይህ ስህተት በሁለት ሠንጠረዥ ላይ ተገኝቷል)። ለአፍሪካ 3.9፣ ለዓለም 7.2 በመቶ ይወጣል።

እዚህ ላይ ማቆም አይበቃም። የአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ በ1983 99.6፣ በ2003 184 ነበር። የ1983ቱን 83 ቢሊዮን በ2003 ዋጋ ለመግለጽ 83ን በ184 አብዝቶ በ99.6 ማካፈል 153 ይሰጣል። ስለዚህ የመግዛት አቅሙ ያደገው ከ153 ወደ 178 ብቻ፣ በ20 ዓመት 16 በመቶ ነው። የአህጉሩ ሕዝብ በዚያ ጊዜ ከ60 በመቶ በላይ ጨምሯል፤ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ የወጪ ንግዱ የመግዛት አቅም ከሩብ በላይ ቀንሷል። ከእጥፍ በላይ ከሚለው ተመሳሳይ ረድፍ የወጣ ውጤት ነው፤ እስካሁን ከሠራነው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለናል። ለዚህ ነው ማንኛውም ግራፍ ሦስት መስመር ይኑረው የምንለው፦ በዶላር፣ በዓለም ድርሻ፣ በነፍስ ወከፍ የመግዛት አቅም። የዶላሩ መስመር ቋሚ ዘንግ በሎጋሪዝም ሚዛን (እኩል ርቀት እኩል የመቶኛ ዕድገት በሚያሳይበት) ይሁን፤ አለበለዚያ ከ1973 በፊት ያለው ሁሉ መሬት ላይ የተኛ ይመስላል።

የመነሻና የመድረሻ ዓመት ምርጫ ሌላው ወጥመድ ነው። የብሬንት (የሰሜን ባሕር) ድፍድፍ ነዳጅ የበርሜል አማካይ ዋጋ በ2012 ከ110 ዶላር በላይ፣ በ2016 44 ዶላር ገደማ ነበር። ናይጄሪያ፣ አንጎላ፣ አልጄሪያና ሊቢያ በነዳጅ ስለሚኖሩ የአህጉሩ መስመር ከዋጋው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ከ1998 እስከ 2008 የለካ ተአምር ያያል፤ ከ2012 እስከ 2020 የለካ ውድቀት። የሦስት ዓመት አማካይ ውሰዱ፤ አራቱን አገሮች ያወጣ ሁለተኛ መስመርም ጨምሩ።

የኢትዮጵያን ረድፍ ስትሞሉ ዘመኑን ተጠንቀቁ። በጀት ዓመት 2017 የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ብዙ ሰው የሐምሌን ቁጥር ወደ 2016 ያስገባዋል። የአውሮፓውያን 2024ን ለማግኘት የ2016 በጀት ዓመት 3ኛና 4ኛ ሩብ ዓመት ከ2017 1ኛና 2ኛ ጋር ይደመራል፤ የሚቀረው ልዩነት 8 ቀን ገደማ ነው። የሁለቱን በጀት ዓመታት ድምር ግማሽ ግማሹን ወስዶ መደመር ግን አይሠራም፤ ቡና በብዛት የሚጫነው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። በበጀት ዓመት 2016 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው የሸቀጥ ወጪ ንግድ በበጀት ዓመት 2017 ከ8 ቢሊዮን ማለፉም እንደ ተራ ዕድገት አይነበብ፤ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ካደረገው የሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ወርቅ ወደ ሕጋዊው መስመር ገብቷል፣ የቡና የዓለም ዋጋም ንሯል። መጠኑን በቶን ከዋጋው አጠገብ አስቀምጡ።

ለየምርቱ፦ የኤችኤስ መለያ (ጉምሩክ ለየዕቃው የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ቁጥር) የጀመረው በ1988 ስለሆነ (ቡና 0901፣ አበባ 0603፣ ወርቅ 7108) ከዚያ በፊት ያለው በኤስአይቲሲ (በተባበሩት መንግሥታት የንግድ ዕቃዎች ምደባ) ይፈለጋል።

አራተኛው ሠንጠረዥ ወርቅ ነው፤ የአፍሪካ አገሮች ሸጥን ያሉትን ኤምሬቶች ገዛን ካለችው ጋር ማስተያየት። የገዢው ቁጥር ማጓጓዣና መድን ስለሚጨምር ከሻጩ ትንሽ ይበልጣል፤ ወርቅ ግን በክብደቱ ውድ ስለሆነ ጭነቱ ከዋጋው ኢምንት ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ያለፈባቸው ዓመታት በቢጫ ይቀለማሉ፣ ከዚያ በየአገሩ አንድ በአንድ ይታያሉ።